በመርጫው አፍ ላይ የጋገረ ጨው

ኤቤ ክሮግ በሚሠራበት የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ያጠፋ ሰው ኬክ ያመጣል። ጥፋቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታይም። ናሙና የደፋም፣ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ የሄደም፣ የአንዱን ደንበኛ ውጤት ለሌላው የላከም ጠዋት ኬኩን ታቅፎ ይመጣል። ቡና ይቀዳል፣ ጥፋተኛው ቆሞ ምን እንዳደረገ ይናገራል፣ የቀሩት እያላመጡ ይስቁበታል። የመጨረሻው ቁራጭ ሲያልቅ ነገሩም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነሳውም። በሊምፊዮርድ፣ ወደ የብስ ዘልቆ በገባው የባሕር ሰርጥ ዳርቻ፣ ሰው ከጥፋቱ ጋር የሚሰነባበተው እንዲህ ነው።

የሥራ ባልደረባው ሲሰል በዚህ ሕግ ስሟ የገነነ ነው። ሩባርብ ከሚባለው ኮምጣጣ ተክል የምትጋግረው ኬክ አፍ ላይ ይቀልጣል። ፀደይ ገብቶ ሩባርቡ ሲደርስ አለቃቸው ቪበከ ሳትቀር «ሲሰል፣ ዘንድሮ የምታጠፊው መቼ ነው?» ትላታለች። ሲሰልም አታሳፍራቸውም።

ኤቤ ግን ከተቀጠረ ጀምሮ አንድም ኬክ አምጥቶ አያውቅም። የበላው የትየለሌ ነው። በአፉ ባይናገረውም በሆዱ ይኮራበታል፤ የሰው ኬክ ሊቆርስ ቢላዋውን ሲያነሳ እንኳ አያያዙ ያሳብቅበታል።

ሰውዬው ጠንቃቃ ነው። የምሳውን ጥቁር ዳቦ የጠቀለለበትን ወረቀት አጣጥፎ ወደ ቦርሳው ይመልሳል፤ ነገም ይሠራበታል። ከባሕሩ ዳር ያለችውን የበጋ ቤቱን በመከር መጨረሻ ሲዘጋ በቤቱ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር አያስቀርም። ቧንቧውን ያንጠፈጥፋል፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘቀዝቃል፣ የአበባ ማስቀመጫውን በጨርቅ ያደርቃል። ብርድ ውሃውን ወደ በረዶ ለውጦ ዕቃ እንዳይሰነጥቅ ነው። እያደር ግን ልማዱ ከብርዱ አልፎ ሄዷል፤ ለኤቤ ቆሞ የሚከርም ውሃ ሁሉ ጊዜውን የሚጠብቅ ጥፋት ነው።

ላቦራቶሪውንም በሐምሌ ወር፣ እዚያ አገር በጋ በሚሆንበት፣ ለዕረፍት የዘጋው እሱ ነበር፤ በዚያው ሥርዓት። ውሃ የነካውን ዕቃ ሁሉ፣ ከመለኪያ መሣሪያው ፊት ያለውንም ከኋላ ያለውንም፣ አጥቦና አድርቆ ነው ቁልፉን ያዞረው።

ከዕረፍት ተመልሰው ሥራ የጀመሩ ዕለት መሣሪያው እንደ ሰዓት ሠራ። የመጡት ናሙናዎች ከመንደር ጉድጓዶችና ከቧንቧ የተቀዱ ነበሩ። ኤቤ ከቀትር በፊት ጨረሳቸው።

በማግስቱ አንከር ሦስት ጠርሙስ የባሕር ውሃ በቦርሳ ይዞ መጣ። አንከር ከፊዮርዱ ማዶ ኦይስተር የሚያራባ፣ ስድሳን የዘለለ፣ ጠረኑ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ኦይስተር ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ነው፤ እዚያ አገር ሰው ከነሕይወቱ በሎሚ ይውጠዋል። አምና እጮቹ ባልታወቀ ምክንያት አልቀውበት ዓመቱን ሙሉ ባዶ እጁን ከርሟል። ዘንድሮ የፈለፈለው አንድ ዙር ብቻ ነው።

«ዓይን አውጥተዋል» አለ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ።

«ማን?» አለ ኤቤ።

«እጮቹ ናቸዋ። ጥቁር ነጥብ ጎናቸው ላይ ስታይ፣ መቀመጫ ፍለጋ ጀምረዋል ማለት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ወደ አዲሶቹ ገንዳዎች ማዛወር አለብኝ።»

«ካልተዛወሩስ?»

«ባሉበት ገንዳ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ኦይስተር አንዴ ከተቀመጠ እንዳንተ ነው፤ ከወንበሩ የሚያነሳው የለም። ልፋቅህ ብትለው ይሞትብሃል።»

ሲሰል ከወዲያ ጥግ ሳቀች። ኤቤ ሳቁን አልፎ ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ አንደኛ ገንዳ፣ ሁለተኛ ገንዳ፣ ሦስተኛ ገንዳ።

«የምትፈራው መዳብ ነው?»

«መዳብ ነው። በሊትር ከአሥር ማይክሮግራም ካለፈ ይገድላቸዋል፣ አላስገባቸውም። የአዲሶቹን ገንዳዎች ቧንቧ የሠራው የሚስቴ ወንድም ፓለ ነው። ፓለን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ታድለሃል። ያገኘውን ዕቃ ነው የሚገጥመው። ሐሙስ ቀትር ላይ ውጤቱን ስጠኝ እንጂ ሌላው የኔ ጉዳይ ነው።»

«ረቡዕ ከቀትር በኋላ ታገኘዋለህ» አለ ኤቤ። ቀን ቆርጦ የሰጠውን ቃል አጥፎ አያውቅም።

ረቡዕ ማለዳ ፊዮርዱ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ኤቤ ብስክሌቱን አቁሞ፣ እርጥብ መነጽሩን ጠርጎ፣ መሣሪያውን ለኮሰ።

የመሣሪያው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ውሃው በቀጭን ቱቦ ይሳባል። ከብርጭቆ የተሠራች ጣት የምታህል መርጫ ውሃውን ከአርጎን ጋዝ ጋር አጋጭታ ጉም ታደርገዋለች። ጉሙ ከፀሐይ ገጽ በበለጠ በሚግለው ነበልባል፣ ፕላዝማ በሚሉት ውስጥ ያልፋል። እዚያ ውስጥ መዳቡም፣ ብረቱም፣ ዚንኩም በየራሱ ቀለም ይበራል፤ የብርሃኑ ጉልበት መጠኑን ይናገራል። ችግሩ መሣሪያው የሚያየው ነበልባሉ ጋ የደረሰውን ብቻ መሆኑ ነው። መንገድ ላይ የቀረውን ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ ኤቤ በየናሙናው ኢትሪየም የሚባል፣ በባሕር ውሃ ውስጥ ከቁጥር የማይገባ ብረት እኩል እኩል ይጨምራል። የኢትሪየሙ ብርሃን መቶ ካለ ውሃው እንደ ወትሮው እየደረሰ ነው። ከወረደ የሆነ ነገር እያስቀረው ነው። ሲሰል ኢትሪየሙን «ምስክሩ» ትለዋለች።

የአንደኛው ገንዳ ውሃ ሲገባ ምስክሩ ዘጠና ስምንት አለ። ኤቤ አንገቱን ነቀነቀ። ሲደግመው ዘጠና አንድ። ሁለተኛው ገንዳ ሰማንያ ሁለት፣ ሲደገም ስድሳ ስምንት። ሦስተኛው ገንዳ ጋ ሲደርስ ምስክሩ አርባ አራት ላይ ነበር።

«ምስክሩ ቃሉን እየቀየረ ነው» አለች ሲሰል ከትከሻው በላይ ብቅ ብላ። «አስፈራርተኸው ይሆናል።»

«አርባ አራት» አለ ኤቤ።

«መዳቡስ?»

«ስምንት ይላል።»

«በቃ፣ ሦስተኛው ገንዳ ከአሥር በታች ነዋ። ፈርምና ላክለት፣ ቡና እንጠጣ።»

ኤቤ ዞሮ አያት።

«ቀልዴን ነው፣ ኤቤ። እንዲህ ስታየኝ የቄስ ልጅ ትመስላለህ።»

«ምስክሩ ከሰማንያ በታች ከወረደ ቁጥሩ ቁጥር አይደለም።»

«አውቃለሁ። ልጆቼ ሳይቀሩ ያውቁታል።»

መርጫዋን አውጥቶ በማጉያ መነጽር ተመለከታት። ጫፏ ላይ፣ ውሃው ከሚወጣባት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ጋዙ በሚነፍስበት ቀለበት ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ጨው ነው። ቀዳዳዋ ከጸጉር የምትሰፋው በትንሽ ስለሆነ ይህ ቅርፊት ግማሽ መንገድ ለመዝጋት ይበቃል። ደካማ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፋት፣ አጠባት፣ መልሶ ገጠማት። ምስክሩ መቶ አለ። ኤቤ ልቡ መለስ አለለት። የባሕሩ ውሃ እንደገና ሲገባ ዘጠና ስድስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ሰባ አምስት።

የጉድጓድ ውሃ ቢሰጠው አይወርድም፤ ጨው የለበትማ። የባሕር ውሃ ሲሆን ይወርዳል። ኤቤን ያስጨነቀው ይህ አይደለም። ከብርዱ ወራት ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ ድረስ ያንኑ የፊዮርድ ውሃ በዚያችው መርጫ ሲያሳልፉ ቆይተዋል፤ ምስክሩም ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፣ መርጫዋም ያችው መርጫ ናት። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

የፓምፑን ቱቦ ለወጠ። አልሆነም። አዲስ አሲድ ከፈተ። አልሆነም። የአርጎኑን ሲሊንደር ቀየረ። ያው ነው። ውሃውን አምስት እጥፍ ቢያቀጥነው መውረዱ ዘገየለት፤ ነገር ግን መዳቡም አብሮ ቀጥኖ ከመሣሪያው ዓይን ተሰወረ። ከሰዓቱ እየተጋመሰ ሲመጣ የሚጠረጠር ዕቃ አለቀበትና ዓይኑን ወደ ሰው አዞረ።

ሲሰል ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነበራት። ውስጡ ጥቁሩ ከረሜላ ነው፤ ያ ከስኳሩ ጨው የሚብሰው፣ ሌላ አገር ሰው አንዴ ቀምሶ የሚተፋው፣ እነሱ ግን ከጡት ቀጥሎ የሚለምዱት። ከዕረፍት ስትመለስ ነው ይዛው የመጣችው።

«ሲሰል» አለ ኤቤ። «ይህ ጣሳ ከዕረፍቱ በፊት ነበረ?»

«አልነበረም። እህቴ ናት የሰጠችኝ። ብላ።»

«ጨው አለበት።»

«አዎ፣ ለዚያ ነው የሚጥመው።»

«በጣትሽ ነክተሽው ከዚያ ቱቦውን ትነኪያለሽ።»

ሲሰል አፏ ውስጥ ያለውን ከረሜላ ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አሻገረችው። «ኤቤ፣ አንድ ባሕር ሙሉ ጨው መሣሪያው ውስጥ እያፈሰስክ እኔን በአንድ ከረሜላ ትከሰኛለህ?»

«ከዕረፍቱ ወዲህ የተለወጠው እሱ ብቻ ነው።»

ጣሳውን በናሙና ከረጢት አሽጎ፣ ቀንና ሰዓት ጽፎበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባው። ሲሰል እጆቿን አጣምራ አየችው።

«የናሙና ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ሲሰል።»

«ለጠበቃዬ ነው የምጠይቅህ።»

ከረሜላው ከታሰረ በኋላም ምስክሩ ወደ ሰባ ወረደ። ኤቤ ይህን አየ። ጣሳውን ግን አላወጣውም።

ልትወጣ ኮቷን የደረበችው ቪበከ በሩ ላይ ቆመች። «የአንከር ነገር ምን ደረሰ?»

«ምክንያቱን አላገኘሁትም።»

«ነገ ጠዋት ካገኘኸው አስተካክለህ አንዴ ድገመውና ላክ። ምክንያቱ ሳይታወቅ እንዲያው ከተስተካከለ ግን ደንቡን ታውቀዋለህ፤ አንድ ሙሉ ቀን ስትፈትሽ ትውላለህ። ራስህ ነህ ያወጣኸው።»

«አውቃለሁ።»

«እጮቹ ነገን ያልፋሉ?»

«አያልፉም።»

ስልኩን አንስቶ ለአንከር ደወለ። ቀን ቆርጦ አጥፎ ስለማያውቅ እንዴት እንደሚባል ጠፋበት። «አንከር፣ ገና ነው» አለ በመጨረሻ። «ውሃው… ጨው በዝቶበታል።»

«የባሕር ውሃ ነው፣ ኤቤ» አለ አንከር። «እኔ ስወለድም እንዲሁ ነበር።»

«መርጫው ላይ እየጋገረብኝ ነው።»

 የአንከር ሳቅ ከድምፁ ወጣ። «አሁን ሄጄ አየኋቸው። እየዞሩ ግድግዳውን ይነካካሉ። ነገ ቀትር ነው ያልኩህ፤ ከዚያ ወዲያ ብትነግረኝ የምትነግረው ለግድግዳው ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ጭጋጉ ተገፎ ደረቅ የምሥራቅ ነፋስ ነፈሰ። ኤቤ እንደ ወትሮው በፊዮርዱ ዳር መንገድ ብስክሌቱን እየነዳ፣ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ደግሞ እያወጣ እያወረደ ሄደ። ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም ፍንጣቂው ፊቱን ይመታዋል። የድልድዩ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ መንገዱ ደበዘዘበት። ብስክሌቱን አቁሞ መነጽሩን አወለቀ። መስታወቱ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ምላሱን ጫፉ ላይ አስነካ፤ ጨው ነው።

በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ ሊያደርገው ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ።

ትናንትም በዚሁ መንገድ መጥቷል። ማዕበሉም ይኸው ነበር፣ ፍንጣቂውም መትቶታል። መነጽሩ ግን እርጥብ ነበር እንጂ ነጭ አልነበረም፤ ሲጠርገው ውሃ ብቻ ነው የጠረገው። ትናንትና ዛሬ የተለያዩት በባሕሩ አይደለም፣ በነፋሱ ነው። የትናንቱ ነፋስ ጠግቦ ነበርና ጠብታውን ተወው። የዛሬው ደረቅ ስለሆነ ውሃውን ነጥቆ ጨውን ትቶለት ሄደ።

ቅርፊቱ የጋገረው ጋዙ በሚወጣበት ቀለበት ላይ ነበር። ጋዙ ደረቅ ከሆነ ውሃውን ገና ከአፏ ሳይወጣ ይነጥቃታል። ነገር ግን ጋዙ ደረቅ ሊሆን አይችልም። የባሕር ውሃ መቀበል የጀመሩ ጊዜ ለዚሁ ሲባል ከመሣሪያው ኋላ ጠርሙስ ገጥመዋል፤ አርጎኑ መርጫዋ ጋ ከመድረሱ በፊት በጠርሙሱ ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ረጥቦ ያልፋል። የገጠመው ራሱ ኤቤ ነው። እናም ያ ጠርሙስ…

ኤቤ ድልድዩ ጋ ቆሞ የገዛ እጆቹን አየ። በሐምሌ፣ በመጨረሻዋ የሥራ ቀን፣ ያንን ጠርሙስ ፈትተው፣ ውሃውን ደፍተው፣ ውስጡን በወረቀት አድርቀው፣ ባዶውን መልሰው ሲገጥሙ ታዩት። ሲጨርሱም ደስ ብሏቸው ነበር። ሥራ ሲጀመር ምን ምን እንደሚደረግ ኤቤ በቃሉ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ጠርሙሱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቅደም ተከተል ነው። ያንን አንዲት ሳያጓድል አድርጓል።

ቢሮው ሲደርስ ማንም አልገባም ነበር። ከመሣሪያው ኋላ በርከክ ብሎ አየ። ጠርሙሱ እንደ መስታወት ያበራል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጠርሙስ ላቦራቶሪው ውስጥ አልነበረም።

የተጣራ ውሃ ሞላበት። ጋዙን ሲከፍተው ውሃው እንደ ሕፃን መንቦጫረቅ ጀመረ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ቡና ቀድቶ የመመለስ ያህል እንኳ አልፈጀም።

አሁን ማንም አላየውም። ቢነሳ፣ እጁን ቢጠርግ፣ መሣሪያውን ቢለኩስ፣ ምስክሩ መቶ ይላል፤ «ከመርጫዋ ነበር መሰለኝ፣ ለቀቀ» ማለት ይችላል። ሲሰል ትንሽ ታላግጣለች እንጂ ከመሣሪያው ኋላ ጎንበስ ብላ አታይም። ያን ጊዜ ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ይሆናል፤ ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ቀን ፍተሻ ነው። እስከዚያ የአንከር እጮች ግድግዳቸውን መርጠዋል። ወይ ደንቡን ይጥሳል፣ ወይ እጮቹን ይተዋል፣ ወይ…

በሩ ተከፈተ። ሲሰል ናት፣ የብስክሌት ቆብ ደፍታ።

«ምን እየፈለግክ ነው? ከረሜላው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

ኤቤ እንደ በረከከ ቀረ። «ጠርሙሱ ባዶ ነበር» አለ።

«የትኛው ጠርሙስ?»

«ጋዙን የሚያረጥበው። ለዕረፍት ስንዘጋ ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ስንከፍት አልመለስኩትም። ጨው የጋገረው ጋዙ ደርቆ ነው።»

ሲሰል ቆቧን ቀስ ብላ ፈታች። ጠርሙሱን አየች፣ ኤቤን አየች። ኤቤ ሳቋን ጠበቀ። አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ሐኪም አንገቷን ዘመም አደረገች።

«ራስህ ደፋኸው።»

«ራሴ።»

«አደረቅከውም።»

«በወረቀት።»

«ውስጡን?»

«ውስጡንም።»

«ታዲያ ኬኩ የምን ይሆናል?» አለች ሲሰል።

ቪበከ ስትገባ ኤቤ ቆሞ ያንኑ ደገመላት፤ የበለጠ አሳጥሮ። ቪበከ ለአፍታ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። «ምክንያቱ ታውቋል» አለች። «አንዴ ድገመው። ሲሰል፣ ካላንደሩን አምጪው፣ ይህን ቀን በቀይ ልክበበው።»

መርጫዋ ታጥባ ተገጠመች። ነበልባሉ ተለኮሰ። አንደኛው ገንዳ ገባ፤ ምስክሩ ዘጠና ዘጠኝ። ሁለተኛው ዘጠና ስምንት። ሦስተኛው ዘጠና ስምንት። ሁሉንም መልሶ ቢያስገባቸው ያው ነው። ጨው ያለበት ውሃ ከባድ ስለሆነ ጉሙ ከንጹሕ ውሃ ጉም ትንሽ ያንሳል፤ ያችን ማነስ ምስክሩ ይናገራል እንጂ ከዚያ ወዲያ አይወርድም። ሲሰል ሰዓቷን አየች፤ ቀትር ገና ነው።

የመዳቡ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ወጣ። አንደኛው ገንዳ ሁለት ማይክሮግራም። ሁለተኛው ሁለት። ሦስተኛው አሥራ ዘጠኝ።

«ትናንት ስምንት ነበር ያለው» አለች ሲሰል። ድምፏ ዝቅ ብሏል። «ፈርም ያልኩህ።»

«ቀልድሽን ነበር።»

«ቀልዴን ነበር» አለች። ተነስታም ሳትጠየቅ ቡና ቀዳችለት።

ኤቤ ለአንከር ደወለ። አንከር ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሳው።

«ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ እንዳታስገባቸው» አለ ኤቤ። «መዳብ አለበት፤ አሥራ ዘጠኝ። አንዱና ሁለቱ ንጹሕ ናቸው።»

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ፓለ ነው። አሮጌ የነሐስ መዝጊያ ከጋራዡ አምጥቶ ሦስተኛው ላይ ሲገጥም አይቼዋለሁ። ‹ያምራል› ነው ያለኝ።»

«ሁለቱ ይበቁሃል?»

«ይጣበባሉ። ግን ይኖራሉ።» ከዚያም «ኤቤ፣ ትናንት የነበረው ቁጥር ስንት ነበር?» አለ።

«ስምንት።»

 ገንዳው ውስጥ የሚወርደው ውሃ በስልኩ ይሰማል።

«መሣሪያው ምን ሆኖ ነበር?»

«መሣሪያው ደህና ነበር» አለ ኤቤ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ኬክ አለ፤ ና።»

ኤቤ የዚያን ዕለት ከሥራ እንደወጣ የመጀመሪያ የጥፋት ኬኩን ጋገረ። ዱቄቱን መዘነ፣ ስኳሩን መዘነ፣ እንቁላሉን ሳይቀር ከነቅርፊቱም ያለቅርፊቱም መዘነ። መጽሐፉ «መሐሉ ላይ እንጨት ሲሰኩበት ደርቆ እስኪወጣ» ይላል። ኤቤ እንጨቱን ሰካ። ጫፉ ላይ የእርጥበት ምልክት ያየ መሰለው። መልሶ ምድጃ ውስጥ አስገባው። ቆይቶ ሰካ። አሁንም ተጠራጠረ። እንዲህ እየሰካና እየመለሰ፣ ከማንኛውም ጥርጣሬ ነፃ እስኪሆን ድረስ ጋገረው።

ዓርብ ጠዋት ቆሞ ተናገረ። የተናገረው አጭርና ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ነበር፤ ጠርሙሱ፣ ሐምሌ፣ ወረቀቱ። ሲጨርስ ከቁም ሣጥኑ ያንን የታሸገ ከረጢት አውጥቶ ሲሰል ፊት አኖረው። «ይህም የኔ ጥፋት ነው» አለ። ሲሰል ከረጢቱን ቀደደች፣ ጣሳውን ከፈተች፣ አንድ ከረሜላ ለእሱ ሰጠች። በላው።

አንከር አንድ ባልዲ ኦይስተር ይዞ መጥቶ ነበር። እጮቹ ሁለቱ ገንዳዎች ውስጥ መቀመጥ እንደጀመሩ ነገራቸው፤ ፓለም መዝጊያውን ፈትቶ ጋራዡ መልሷል። ኬኩ ተቆረሰ። ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማላመጥ ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ቆንጆ ነው» አለች ቪበከ፣ ቡናዋን ስትፈልግ እጇ እየተጣደፈ።

አንከር አንዴ ዋጠና ደረቱን መታ። «ኤቤ፣ ይህንንም ለዕረፍት ልትዘጋው ነበር?»

«በእንጨት ፈትሼዋለሁ» አለ ኤቤ።

«አልተጠራጠርንም» አለች ሲሰል። «እንጨቱ ደርቆ ነው የወጣው።»

ሕጉ እንግዲህ ይታወቃል፤ ነገሩ የሚያልቀው የመጨረሻው ቁራጭ ሲያልቅ ነው። ዓርብ ግን አላለቀም። የሲሰል የሩባርብ ኬክ ቀትርን አይቶ አያውቅም፤ የኤቤ ኬክ ሰኞም ክዳኑ ሥር ተቀምጦ ነበር፣ ማክሰኞም። ሲሰል በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ክዳኑን ከፍ አድርጋ ታየውና «ገና አለ» ትላለች፤ «እንግዲያው ነገሩም ገና አለ።» ጠርሙሱስ? ከረሜላውስ? የናሙና ቁጥሩስ? ኤቤ ይሰማል፤ ሕጉ ሕግ ነውና አይከራከርም።

ረቡዕ የቡና ሰዓት ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራጭ ወደ ሳህኑ አወጣ። ሲሰል ወሬዋን አቁማ አየችው። ኤቤ ከኪሱ አዲስ የላስቲክ ጠብታ መቅጃ አወጣ፣ ከስኒው ሙቅ ቡና መጠጠ፣ ከዳር ጀምሮ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ ኬኩን ማራስ ጀመረ። አልቸኮለም። ሁሉም ጥግ እኩል እንደረጠበ እርግጠኛ ሲሆን በማንኪያ ቆርሶ ጎረሰ።

«እንዴት ነው?» አለች ሲሰል።

ኤቤ እስኪውጥ ጠበቀ። «አሁን ያልፋል» አለ።